ሸራ ሰፊው ሳይጠጣ

ልጄ ሐያት ቴክሳስ፣ ፕሌኖ ባለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ አዲሱን ድንኳን ከከረጢቱ ስትጎትት፣ ከድንኳኑ ቀድሞ የወጣው ሽታው ነበር። የሰም፣ የጎማና ውሃ ያልነካው ጨርቅ ሽታ። እኔ ከሥራ ገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ካርቶን ላይ ተቀምጬ እግሬን በሌላው ላይ ሰቅያለሁ። ግሬፕቫይን ካለ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ሳጥፍ ውዬ ስመለስ፣ ለሽታ ቀርቶ ለሰው ሰላምታ እንኳ የሚተርፍ አቅም የለኝም። ያን ቀን ግን ሽታው እጄን ይዞ አስነሳኝ። ድንኳኑ አጠገብ ሄጄ ስፌቱን በጣቴ ዳሰስኩት። «ምነው እማ?» አለች ሐያት። «ምንም» አልኳትና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በዚህ ዓመት፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ኮሌጅ ገብቻለሁ፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህራችን ስለ አንድ ሽታ ጽፋችሁ አምጡ ብላን ስለዚሁ ስለ ድንኳኑ ሽታ በእንግሊዝኛ ስድስት መስመር ጻፍኩ፤ ከዚያ በላይ ቃል አጣሁለት። መምህራችን በጎ ሰው ናትና አልቆጣችኝም፤ ከሥሩ «ተጨማሪ እፈልጋለሁ» ብላ ጻፈችበት። ተጨማሪው ያለው በአማርኛ ነው። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ እንዳልሳሳት የምችለውን ያህል ተጠንቅቄ።

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከቦርከና ድልድይ ወዲህ፣ የባቲው መንገድ በሚገነጠልበት ጥግ ላይ ጋሽ ይማም የሚባሉ ሸራ ሰፊ ነበሩ። ሱቃቸው ፊቱ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ቤት ነው። ወደ አሰብ የሚወርዱትም ከአሰብ የሚወጡትም ከባድ መኪናዎች በዚያ ጥግ ሳይቆሙ አያልፉም፤ ሾፌሮቹ ጎማ ያስነፋሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ሸራ ያስጠግናሉ። እኔ ትዳር ሳልይዝ በፊት ጋሽ ይማም ዘንድ ተቀጥሬ እሰፋ ነበር። የጭነት ሸራ፣ ታጣፊ አልጋ፣ ከመኪናው ጎን ተዘርግቶ የሚታሰር ጥላ፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ የሸራ ኮዳ እንሰፋለን። የሸራ ኮዳ ማለት ከወፍራም ሸራ ተሰፍቶ፣ ክሩ ሰም ጠጥቶ፣ አፉ ላይ የበሬ ቀንድ ተቆርጦ የሚገባለት የውሃ መያዣ ነው። ከመኪናው መስታወት ላይ ይንጠለጠልና ንፋሱ እየመታው ይሄዳል። ያለ ቀንድ ስድስት ብር፣ ከነቀንዱ ሰባት ከሃምሳ ነበር ዋጋው። ሻይ ያን ጊዜ በሳንቲም ነው፤ ዝንጅብል ያለው ትንሽ ይጨመርበታል። ሾፌሮቹ ከአሰብ ሰማያዊ መስመር ያለው ሽርጥ፣ ኮንጎ ጫማ፣ ተምርና ሽቶ ያመጣሉ። በመጀመሪያ ደሞዜ ከአንዱ ላይ የገዛኋት ቢጫ ሻሽ ነበረችኝ፤ ታጥባ ታጥባ የቅቤ ቀለም እስክትይዝ ድረስ አሰርኳት። የስፌት መኪናዬን በእግሬ እየረገጥኩ፣ ከቆሙት መኪናዎች ውስጥ የሚመጣውን የካሴት ዘፈን እሰማለሁ። አንዱ መኪና ሲነሳ ዘፈኑ ከመሃል ይቆረጥና ሌላው መኪና በሌላ ዘፈን ይተካዋል። እስከ ዛሬ መጨረሻቸውን የማላውቃቸው ዘፈኖች ብዙ ናቸው።

ጋሽ ይማም አንድ ሕግ ነበራቸው። አዲስ ኮዳ ተሰፍቶ ሲያልቅ ውሃ ይሞላና ከበሩ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል። አዲስ ሸራ መጀመሪያ ያለቅሳል፤ በየስፌቱ ጠብ ጠብ ይላል። እያደረ ክሩም ጨርቁም ውሃ ጠጥተው ሲያብጡ ቀዳዳው ይደፈንና ልቅሶው ይቆማል። የሚቀረው ላቡ ብቻ ነው፤ ውሃውን የሚያቀዘቅዘውም ያ ላብ ነው። በማግስቱ ባለቤቱ ሊወስደው ሲመጣ፣ የሰፋው ሰው እዚያው ፊቱ ቆሞ ከኮዳው አንድ ጉንጭ ይጠጣል። ጋሽ ይማም ከሰፉት ጋሽ ይማም፣ እኔ ከሰፋሁት እኔ። «ሸራ ሰፊው ሳይጠጣ መንገደኛ አይጠጣም» ይሉ ነበር። የመጀመሪያው ጉንጭ ሰም ሰም፣ አቧራ አቧራ ይላል፤ ምላስ ላይ ይቆያል። ሾፌሮቹ ፊቴን አይተው ይስቁብኛል።

ከሁሉም የሚስቅብኝ አሊ ጨው ነበር። አሊ ሾፌር ነው፤ ሸሚዙ ጀርባ ላይ ላቡ ደርቆ ነጭ ስለሚሆን ነው ጨው ያሉት። ገና ከመኪናው ሳይወርድ ይጀምረኛል።

«ዘሃራ! ዛሬ ነው የምትመርዥኝ ወይስ ነገ?»

«መጀመሪያ እኔ እጠጣለሁ። ስሞት አይተህ ትወስናለህ።»

«አንቺ ከሞትሽማ ማን ይሰፋልኛል? አምጪው፣ አብረን እንሙት!»

ጋሽ ይማም ከመነጽራቸው በላይ ያዩንና «አሊ፣ ሞተርህ ይሞቃል» ይሉታል፤ ሂድ ማለታቸው ነው። አሊ ግን አይሄድም። የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ የበረሃውን ነገር ያወራልኛል። ከሚሌ ወዲያ ሌሊቱም ከቀኑ እንደማይሻል፣ የጭነቱ ጫፍ ላይ ወጥተው እንደሚተኙ፣ ሽርጣቸውን ውሃ ነክረው ቢለብሱት እንቅልፍ ሳይወስዳቸው እንደሚደርቅ ነግሮኛል። አንድ ቀን ከደጋ የመጣ አዲስ ሾፌር ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሲጭን አየና «ወንድሜ፣ በረሃ ብርድ ልብስ ይዞ የሚወርድ ሰው ጀሃነም ክብሪት ይዞ እንደሚሄድ ሰው ነው» አለው። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። አዲሱ ሾፌር አፍሮ ብርድ ልብሱን እኛ ዘንድ አስቀምጦ ወረደ።

እኔ በረሃውን አላየሁትም። ከባቲ ወዲያ ወርጄ አላውቅም፤ አይቻለሁ ብዬም ለማንም ነግሬ አላውቅም። በረሃው ግን ለጥገና ወደ እኔ ይመጣ ነበር። የተቀደደ ሸራ ጭኔ ላይ ስዘረጋ ከስፌቱ ውስጥ እንደ ዱቄት የላመ አሸዋ ይፈስሳል፤ ፀሐይ የመታው ወገኑ ነጥቶ፣ ያልመታው እንደ ድሮው ሆኖ ይቀራል። ያን አሸዋ ለዓመታት ስጠርግ ኖሬ፣ በኋላ መንገዱ ተዘጋ። ለምን እንደ ተዘጋ የሚያውቁ ያውቃሉ። ጥጉ ዝም አለ፤ ዘፈኖቹም ቀሩ። እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ፣ ልጄ ወሰደችኝ፤ አሁን የምሰፋው የለኝም፣ የሰው አንሶላ አጥፋለሁ።

ስለ ሐያት አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ቀጥሎ ያለው አይገባም። ሐያት መልካም ልጅ ናት። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ሐኪም ቤት የምትወስደኝ፣ ደብዳቤዬን የምታነብልኝ፣ ስልኬን የምታስተካክልልኝ እሷ ናት። ከቢሮ ደክማ ትገባና ሳህን ላነሳ ስነሳ «እማ፣ አንቺ ተቀመጪ» ትለኛለች። ልብስ ላጥፍ ስል፣ «እማ፣ ቀኑን ሙሉ ስታጥፊ ነው የዋልሽው፣ ተቀመጪ»። በፍቅር ነው የምትለው፤ አውቃለሁ። ሰው ግን ለብዙ ዓመታት ተቀመጪ ሲባል፣ ውሎ አድሮ የተቀመጠ ዕቃ ይሆናል። ኮሌጅ የገባሁትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል የሚጠይቀኝ ሰው ፈልጌ ነው።

ታዲያ ያን ዕለት ጋራዡ ውስጥ ሐያት ጠየቀችኝ። የልጅ ልጄ ሰልማ፣ የስድስት ዓመቷ፣ ትምህርት ቤቷ ለፀደይ ዕረፍት ሊዘጋ ነው። ሐያትና ባሏ ፉአድ በጋብቻቸው ዘመን አንድም ጊዜ አብረው እረፍት ወጥተው አያውቁም፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። በዚህ ዓመት ቆርጠው፣ ወደ ቴክሳስ ምዕራብ ጫፍ፣ ወንዝ ከሜክሲኮ ጋር ወደሚያዋስነው በረሃ ሄደው በድንኳን ሊያድሩ ነው። ጋራዡ ወለል ላይ ያልተዘረጋ ዕቃ የለም። ራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ብርጭቆ ማስቀመጫ ያለው ታጣፊ ወንበር፣ የጋዝ ምድጃ፣ ኩለር፣ ፊሽካ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቡትስ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት የመራመጃ በትር።

«ለአንድ ሰው ሁለት ዱላ ምን ያደርጋል?» አልኩ።

«አንዱ ለእባቡ ነው እማማ» አለ ፉአድ። «እሱስ ራሱን አይከላከል?»

ፉአድ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ቀልዱ አያልቅም፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ አንቱ ይለኛል። ዕቃ ጫኝ መኪና ይነዳል፤ ለጭነት ያወቀበት ነው። ያን ዕለት ግን የቤት መኪናቸውን ለሙከራ ሦስት ጊዜ ጭኖ ሦስት ጊዜ አራገፈ። ትልቁን ቦታ የሚይዙት እንደ ሙክት የወፈሩ ሦስት ስሊፒንግ ባጎች ነበሩ፤ ሰው እግሩን አስገብቶ እስከ አንገቱ ዚፕ የሚያደርጋቸው የመኝታ ከረጢቶች።

«አንቱ ይፍረዱን እማማ» አለኝ ላቡን እየጠረገ።

ሐያትም ዞረችና «ኦኬ እማ» አለች። «ስፔስ የለም። አንቺ የበረሃ ዕቃ ስትሰሪ ነው ያደግሽው። ሶ ምን እናስቀር?»

እግሬን ከካርቶኑ ላይ አወረድኩ። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ የማውቀውን ነገር እየጠየቀችኝ ነው። ጋሽ ይማም ሱቅ ውስጥ እንደ ተቀመጥኩ ያህል ወገቤ ቀና አለ። «ውሃ አይቀርም» አልኩ። «ጥላ አይቀርም። ነጠላ ልብስ፣ ራስ መሸፈኛ፣ ገመድ አይቀርም። እነዚያን ሦስቱን ግን» አልኩና የመኝታ ከረጢቶቹን በአገጬ አመለከትኩ፣ «አውጧቸው። በረሃ ብርድ ልብስ ይዞ የሚወርድ ሰው፣ ጀሃነም ክብሪት ይዞ እንደሚሄድ ሰው ነው።»

ፉአድ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ስልኩን አወጣና «ግን እማማ፣ ይሄ አፕ ማታ ማታ ይበርዳል ይላል» አለ።

«ስልክህ በረሃ አድሮ ያውቃል?» አልኩት።

እኔም አድሬ እንደማላውቅ ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም። ሐያት ባሏን አየችው፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። «ፉአድ» አለች፣ «እማ ብላለች።» ከረጢቶቹ መደርደሪያው ላይ ወጡ። ፈገግታዬን ለመደበቅ ቡትስ ላይ አጎንብሼ ክሩን ማሰር ጀመርኩ። በዚህ አገር ያገኘሁት ትልቁ ደስታዬ እንደነበር ብናገር፣ ሰው ትንሽ ነገር ነው ይለኝ ይሆናል።

ከዚያ በኋላማ ማን ያስቀምጠኝ! ፉአድ ለሥራ ፎርት ዎርዝ ሲመላለስ ቀለም ቀቢዎች ወለል ላይ የሚያነጥፉትን ወፍራም ሸራ ገዝቶ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት፤ አመጣልኝ። ክሩን በሻማ ሰም አሸሁት። የበሬ ቀንድ ከየት ይመጣል? የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገት ቆርጬ አፍ አደረግኩለት። ከሥራ እየገባሁ፣ ዓይኔ እየፈዘዘ፣ ጣቴ እየተወጋ አንድ የሸራ ኮዳ በእጄ ሰፋሁ። ድሮ ከቀትር በፊት የምጨርሰውን ሳምንት ፈጀብኝ። ውሃ ሞልቼ ጋራዡ ውስጥ አንጠለጠልኩት፤ ሲያለቅስ አደረ፣ ሲነጋ ዝም አለ። ሊሄዱ ሲሉ ሦስቱም ፊት ቆሜ አንድ ጉንጭ ጠጣሁ። ሰም ሰም፣ አቧራ አቧራ አለኝ፤ ያው ጣዕም ነው፣ ምንም አልተለወጠም። ሰልማም ካልቀመስኩ አለችና ምላሷን አውጥታ «ያክ! አያቴ፣ ይሄ ሻማ ነው!» ብላ ጮኸች።

«አንቺም ነይ እንጂ እማ» አለች ሐያት፣ ቀበቶዋን እያሰረች።

«ደክሞኛል» አልኳት። «በኔ ቦታ ውሃ ጫኑበት።»

እውነትም ደክሞኝ ነበር። ኮዳውን ከመኪናው መስታወት ላይ አስረው ሲወጡ፣ ውሻ የሚያንሸራሽረው ጎረቤታችን ቆሞ እያየው ቀረ። እኔ ኩራቴን ይዤ ገባሁና ተኛሁ።

በማግስቱ ሥራ ላይ ከሉፔ ጋር አንሶላ እናጥፋለን። ሉፔ አብራኝ የምትሠራ ሜክሲኳዊት ናት፤ ስናጥፍ እሷ ሁለቱን ጫፍ፣ እኔ ሁለቱን ጫፍ ይዘን እንቀራረብና እንራራቃለን፤ በዚያ መሃል ነው ወሬያችን። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ጉራማይሌ ነው፤ ግን እንግባባለን። ልጆቼ በረሃ ሄዱ አልኳት። የት ነው ስትለኝ ነገርኳት። ፊቷ በራ።

«እኔ ከወንዙ ማዶ እኮ ነው የተወለድኩት! ያው በረሃ ነው። በጣም ያምራል። ብርድ ልብስ በደንብ ይዘዋል አይደል?»

«በረሃ ነው እኮ» አልኳት እየሳቅኩ።

ሉፔ ወደ እኔ መምጣቷን ትታ ቆመች። አንሶላው በመካከላችን ተወጥሮ ቀረ። «ዘሃራ» አለች፣ «ያ ከፍተኛ ቦታ ነው። ቀን ያቃጥልሻል፣ ፀሐይ ስትገባ ያስለቅስሻል። በዚህ ወር እናቴ ጠዋት የባልዲውን ውሃ በድንጋይ ሰብራ ነበር የምትቀዳው።»

የተቀረውን አንሶላ እንዴት እንዳጠፍኩት አላስታውስም። ቤት ስደርስ የጋራዡን መብራት አበራሁ። ሦስቱ የመኝታ ከረጢቶች መደርደሪያው ላይ ተጠቅልለው፣ ተደርድረው፣ ልክ ሦስት ሰው እንደተቀመጠ ሆነው ያዩኛል። ትልቁ፣ መካከለኛው፣ ሐምራዊው የሰልማ። ደወልኩ፤ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ እዚያ ስልክ እንደማይሠራ ሐያት አስቀድማ ነግራኝ ነበር። ተሸክሜላቸው እንዳልሄድ ሙሉ ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው፤ እኔ ደግሞ መኪና አልነዳም፤ ሥራ የምሄደው የሠፈር ልጅ ሲወስደኝ ነው። ካርቶኔ ላይ ተቀመጥኩ። ተቀመጪ ሳልባል ተቀመጥኩ።

እዚያ ሆኜ ጋሽ ይማም ትዝ አሉኝ። አንድ ጊዜ አረፋ ደርሶ፣ መኪናው እስከ ድልድዩ ተሰልፎ፣ ሁሉም ቶሎ በሉን ይላል። አሊ ጨው ኮዳ አዞ ነበር። ጋሽ ይማም ሰፍተው እንደጨረሱ፣ ሳያሳድሩት፣ ሳይጠጡለት፣ «አሊ የቤት ሰው ነው» ብለው ሰጡት። አሊ ከአሰብ ሲመለስ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ደም አርግዟል። ያም ሆኖ ቀልዱ አልተወውም። «ጋሽ ይማም፣ ኮዳዎ ከእኔ ቀድሞ ጠጣው» አላቸው። ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ ይማም አልሳቁም፣ ይቅርታም አላሉም። ኮዳውን ተቀበሉት፣ አንገቱ ላይ የለቀቀውን ስፌት ፈትተው እንደገና ሰፉት፣ አሳደሩት፣ ሲነጋ ጠጡለት። ከዚያ ሱቁን ዘግተው፣ ጫማቸውን ቀይረው፣ የአሊ መኪና ላይ ወጡ።

«ወዴት ነው ጋሽ ይማም?» አላቸው አሊ ደንግጦ።

«ኮዳዬ የሚሄድበት።»

እስከ አሰብ ወርደው፣ ከዚያ ኮዳ ብቻ እየጠጡ ሄደው ተመለሱ። ሲመጡ ጠቁረዋል፣ ከስተዋል፣ ሽማግሌ ሆነዋል። አንድም ቀን አላወሩትም። ከዚያ ወዲህ ግን የአንገቱን ስፌት ደርበው መስፋት ጀመሩ፤ እኔንም ደርቢ አሉኝ። ለሐያት የሰፋሁትንም ደርቤዋለሁ። ኮዳውን ጠጥቼለታለሁ። ምክሩን ግን ሳልቀምስ ነው የሰጠኋቸው፤ የአሊን ምክር፣ የሌላ በረሃ ምክር።

ሐያት በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደወለች፤ ነዳጅ ሊቀዱ ከበረሃው ወጥተው አንዲት ትንሽ ከተማ ደርሰው ነው።

«እማ! ሰላም ነሽ? ኔትወርክ አልነበረም። በጣም ያምራል እማ፤ ማለቴ… በጣም ይሞቃል። ልክ አንቺ እንዳልሽው ነው።»

ድምፅዋ ተዘግቷል፤ አፍንጫዋ ይጎተታል። ሰልማ ስልኩን ከእጇ ነጠቀቻት።

«አያቴ! እኛ መኪና ውስጥ ተኛን! ዳዲ እጄ ላይ ሶክስ አደረገ! ያንቺ ዋተር አይስ ሆነ!»

ስልኩ ወደ ሐያት ሲመለስ እስትንፋሷን ሰማሁት።

«ትንሽ ነው የበረደው እማ።»

«ለምን ደህና ነን ትይኛለሽ?»

«ደህና ነን እኮ።»

«ፉአድ ይበርዳል ብሎሽ ነበር። ለምን እኔን ሰማሽ?»

ቀስ ብላ፣ «ደስ ብሎሽ ነበር እማ» አለች። «ስንት ዓመቴ ነው እንደዚያ ካየሁሽ?»

ከኋላዋ ፉአድ ይጮኻል፦ «እማማ፣ አይጨነቁ! ብርድ ልብስ ገዛን! ፈረስ የተሳለበት ነው፤ ክብሪትም ጨመርንበት!» ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅሁላቸው። ስልኩን ዘጋሁ። ብርዱ አልፏል፤ ልጆቹ ደህና ናቸው። ያላለፈው ሌላው ነው። ጠየቀችኝ ብዬ የኮራሁበት ጥያቄ ለካ ለሰልማ ስዕል «ጎበዝ» እንደሚባለው ያለ ነበር። ወይም ደግሞ ከልቧ ጠይቃኝ ነበር፤ ከእንግዲህ ግን አትጠይቀኝም። የትኛው እንደሚብስ ሳስብ ሰነበትኩ። አንሶላ አጠፍኩ፣ ክፍል ገባሁ፣ ስድስቱን መስመር አስረከብኩ። መምህራችን ሽታው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።

እሑድ ከቀትር በኋላ መጡ። መኪናው ከላይ እስከ ታች አቧራ ለብሶ፣ ሰልማ ፈረስ የተሳለበትን ብርድ ልብስ እንደ ካባ ደርባ ወረደች። ሐያት አቅፋ ሳመችኝ፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ኩለሩን ልቀበል እጄን ስዘረጋ፣ «እማ፣ አንቺ ተቀመጪ» አለችኝ። «እኛ እናወርደዋለን።»

ካርቶኔ ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ወረደ፣ ምድጃው ወረደ፣ በትሮቹ ወረዱ። የሸራ ኮዳው ግን ከመስታወቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ማንም ልብ አላለውም። ተነሳሁ። ሐያት አየችኝና አፏን ከፈተች፤ ምን እንዳየችብኝ አላውቅም፣ መልሳ ዘጋችው። ኮዳውን ፈታሁት። ግማሽ ያህል ውሃ ቀርቶበታል። ስፌቱን ዞሬ ዞሬ ዳሰስኩት፤ አልለቀቀም። በስፌቱ ውስጥ አቧራ ገብቷል፤ ቀይ ነው፣ ሸካራ፤ ከባቲ ወዲያ የሚመጣው ግን ነጭና የላመ ነበር። እንዲህ ያለ አሸዋ ጠርጌ አላውቅም። የጠርሙሱን አፍ ከፍቼ አንድ ጉንጭ ጠጣሁ። ሰሙ ጠፍቷል። አፈር አፈር ብቻ ይላል፤ የማላውቀው አፈር።

«በሚቀጥለው ጊዜ ስትሄዱ» አልኩ።

ፉአድ በትሮቹን እንደታቀፈ ቆመ። ሐያት የታፈነ ሳቅ ሳቀች። «በሚቀጥለው ጊዜ ምን እንያዝ እማ?»

«እኔን።»

አልሳቁም። ሐያት እግሬን አየች፣ ካርቶኑን አየች። «መሬት ላይ ነው የሚተኛው እማ። ይበርዳል። ወገብሽስ?»

«ያመኛል» አልኳት። «አሁንም ያመኛል። ካየሁት በኋላ ትጠይቂኛለሽ፤ ያን ጊዜ የማውቀውን እነግርሻለሁ።»

ሰልማ መደርደሪያውን ሽቅብ እያየች ከረጢቶቹን በጣቷ ስትቆጥር ቆየችና ወደ እኔ ዞረች። «ግን አያቴ ስሊፒንግ ባግ የላትም» አለች፣ ለእናቷ የምታሳብቅብኝ ይመስል።

«እሰፋለሁ» አልኳት። «እሰፋና፣ መጀመሪያ እኔ አድርበታለሁ።»